ላስቲኩን ያላወለቅንላቸው ችግኞች

ልጅ ሳለሁ መብራት በጠፋ ቁጥር የግቢያችን ትልልቅ ሰዎች ሲያማርሩ እኛ ልጆቹ በሆዳችን ደስ ይለን ነበር። መብራት ጠፋ ማለት የቀበሌው የማታ ትምህርት ቀረ ማለት ነው፤ የማታ ትምህርት ቀረ ማለት ደግሞ እትዬ ብዙነሽ እቤታቸው ናቸው ማለት ነው፤ እቤታቸው ካሉ ደግሞ ደጃፋቸው ላይ ዱካ አውጥተው፣ ያበጠ እግራቸውን ለብ ያለ የጨው ውኃ ውስጥ ነክረው ተረት ያወሩልናል።

የምንኖረው ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ወደ ወንዙ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ዳር ነበር። አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤትና አንድ የልብስ ማስጫ ሽቦ ተካፍለን እንኖር ነበር። እትዬ ብዙነሽ ከኛ ቀጥሎ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ከልጃቸው ከዳንኤል ጋር ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ቀን ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለት ፈረቃ ያስተምራሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ በቀበሌው አዳራሽ ለትልልቅ ሰዎች ፊደል ያስቆጥራሉ። ያኔ ድካም የሚባለውን ነገር የማውቀው በሳቸው ነበር። ከሥራ ሲመለሱ የግቢውን በር ከፍተው ወዲያው አይገቡም፤ መቃኑን ይዘው ትንሽ ቆም ይላሉ፤ ከዚያ ልክ ሌላ መንገድ የሚጀምሩ ይመስል ተንፍሰው ወደ ቤታቸው ይራመዳሉ።

እናቴ እራት ሠርታ ስታበቃ የተረፈውን ፍም ከነምድጃው አውጥታ አጠገባቸው ታስቀምጥላቸዋለች። ኩራዟ መስኮቱ ላይ ትጨሳለች፤ ጠዋት ስንነሳ አፍንጫችን ውስጥ ጥላሸት እናገኛለን። እትዬ ብዙነሽ «ተረት ተረት» ብለው አይጀምሩም ነበር። «‹የላም በረት› እስክትሉ ድረስ እንቅልፍ ይወስደኛል» ይሉና ቀጥታ ወደ ነገሩ ይገባሉ።

አብዝተን የምናስደግማቸው የምንጭዋን ተረት ነበር። አንድ ሰውዬ ከቤቱ በታች የምትፈልቅ ምንጭ ነበረችው። ከመውደዱ የተነሳ ላም እንዳይጠጣት፣ እንቁራሪት እንዳይገባባት፣ ጎረቤት እንዳያያት ብሎ ውኃዋን በእንስራ እየቀዳ ጓዳው አስገብቶ ቆለፈባት፤ የምትፈልቅበትንም ቀዳዳ በጭቃ ደፈነው። ከርሞ እንስራውን ቢከፍተው ውኃው ሸቷል። ምንጭዋም መንገዷን ቀይራ በሌላ ሰው ማሳ ላይ ፈልቃለች። በግቢው ትንሿ ልጅ ረሂማ ነበረች፤ አባቷ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሱቅ ነበራቸው። ተረቱ ባለቀ ቁጥር እሷ «እንቁራሪቶቹስ የት ሄዱ?» ትላለች። እትዬ ብዙነሽ መልሱን በየጊዜው ይቀያይሩታል። አንዴ ምንጭዋን ተከትለው ሄዱ ይላሉ፣ አንዴ ሰውዬው በር ላይ ቁጭ ብለው ጮኹበት ይላሉ፤ በጣም የደከማቸው ቀን ደግሞ «ተኙ፤ አንቺም ሂጂና ተኚ» ይሏታል።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ቀበሌው የሰፈሩን ልጆች ለችግኝ ተከላ አደራጀ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ሽብሩ ድሮ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የኔንም የመጀመሪያ ዩኒፎርም የሰፉት እሳቸው ናቸው። እግራቸውን እያራገፉ ግቢያችን ገቡና፣ «ጓድ ብዙነሽ፣ አስተማሪ ስለሆኑ ልጆቹን እርስዎ ይመራሉ ተብሎ ተወስኗል» አሏቸው።

ጓድ ሽብሩ ከወጡ በኋላ እትዬ ብዙነሽ እናቴን፣ «እኔ እኮ ሰንጋ ተራ አስፋልት ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ። ጎመን እንኳ አብቅዬ አላውቅም» አሏት።

«ታዲያ ለምን አልችልም አላሉም?»

«ማን ይላል?» አሉና ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

ያኔ እንዲህ ነበር። አልችልም የሚባል ነገር አልነበረም። ሁሉም ትልቅ ሰው ሁሉን ያውቃል፤ የማያውቀውንም ድምፅ ማጉያው ይነግረዋል።

የተከልንበት ቀን ዝናብ ነበር። ከጭነት መኪና ላይ የወረዱት ችግኞች እያንዳንዳቸው አፈር በሞላ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ቆመዋል፤ አብዛኞቹ የፈረንጅ ጽድ ነበሩ። ጉድጓዱ አስቀድሞ በዘማቾች ተቆፍሯል። እትዬ ብዙነሽ በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው የቀሚሳቸውን ጫፍ ይዘው በወንዙ ዳር ወዲያና ወዲህ እያሉ፣ «ላስቲኩን እንዳታወልቁት! ውኃ ይይዝለታል፤ በበጋ እንዳይጠማው» ይሉ ነበር። እኛም አላወለቅንም። ታምራት የሚባል የሰፈራችን ረባሽ ብቻ ችግኙን እየወረወረ ሲቀልብ ጣለውና ላስቲኩ ተተረተረ። እትዬ ብዙነሽ ጆሮውን ቆንጥጠው፣ «አንተ ነፍስ ያለው ነገር መያዝ አትችልም!» አሉት። እሱም እያለቀሰ የተራቆተውን ችግኝ ወስዶ ከሁላችን ራቅ ብሎ ዳር ላይ ተከለው።

ክረምቱ ሲወጣ ሌላው ሰው ሁሉ ረሳው። እትዬ ብዙነሽ ግን አልረሱትም። ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ያችን ያበጠች እግራቸውን እየጎተቱ ከፊት፣ እኛ ጣሳና የዘይት ቆርቆሮ ይዘን ከኋላ፣ ቁልቁለቱን እንወርዳለን። እሾህ ለቅመን አጠርን፤ የሰፈር ፍየል አባረርን። ወንዙ ውስጥ ቆሻሻ የሚደፉ ሰዎችን ስናይ እትዬ ብዙነሽ ትክ ብለው ያዩዋቸዋል፤ ሰዎቹም አፍረው ባልዲያቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ማታ መብራት ከጠፋ ስለ ዛፍ ተረት ያወሩልናል። ብዙዎቹን እዚያው እንደፈጠሯቸው የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ችግኞቹ ግን ቢጫ ሆኑ። በጥር ጸሐይ አንድ በአንድ ደረቁ። ውኃ ባበዛንላቸው ቁጥር ይብስባቸው ጀመር። ዳር ላይ ያለው የታምራት ችግኝ ብቻ፣ ፍየል አንድ ጎኑን ነጭቶት፣ ተንጋዶ፣ አስቀያሚ ሆኖ አረንጓዴ ነበር።

«ለምን የታምራት ብቻ?» አለች ረሂማ።

እትዬ ብዙነሽ ቀስ ብለው፣ «አላውቅም» አሉ።

እርስ በርስ ተያየን። አስተማሪ አላውቅም ሲል ሰምተን አናውቅም ነበር። «ኑ፣ ቆፍረን እንየው» ብለው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። የረሂማን ደረቅ ችግኝ በእጃችን ዙሪያውን ፈልቅቀን አወጣነው። ላስቲኩ እንደ አዲስ ነበር። እትዬ ብዙነሽ በጥርሳቸው ቀደዱት። ውስጡ ሥሩ እየዞረ፣ እየዞረ፣ መውጫ አጥቶ ራሱን በራሱ እንደ ገመድ ጠምጥሟል፤ ታቹ ላይ ውኃው ቆሞ በስብሶ ይሸታል።

«ልክ እንደ ሰውዬው እንስራ» አለች ረሂማ።

እትዬ ብዙነሽ ያንን የተጠመጠመ ሥር በመዳፋቸው ላይ አድርገው አገላብጠው አዩት። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ያኔ ስም አላወጣሁለትም፤ ቁጣም አይደለም፣ ልቅሶም አይደለም። ታምራትን ጠሩት። ሊመቱት መስሎት ወደኋላ አፈገፈገ።

«ያን ቀን በከንቱ ነው የቆነጠጥኩህ። ይቅርታ አድርግልኝ» አሉት።

ታምራት «ምንም አይደል» አለና ሮጦ ለዚያች ለተንጋደደች ችግኙ ውኃ ሊቀዳ ወረደ።

ከዚያ በኋላ መማሩ የጋራ ሆነ። እትዬ ብዙነሽ ከትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ስለ ተክል የሚያወራ አሮጌ መጽሐፍ ተውሰው መጡ፤ በኩራዝ ብርሃን እሳቸው ያነባሉ፣ እኛ ደግሞ ወንዝ ዳር ያየነውን እንነግራቸዋለን። መጽሐፉ የማያውቀውን እኛ እናውቃለን፤ ለምሳሌ ፍየል የማትበላው ቅጠል የቱ እንደሆነ። እኛ የማናውቀውን እሳቸው ያነቡልናል። ሁላችንም ያላወቅነውን ደግሞ ቅዳሜ ወርደን እናየዋለን።

ዓመቱ ሳይዞር ጓድ ሽብሩ እንደገና መጡ። የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ ነበርና ፍሙን ከበን ተቀምጠን አገኙን። ቆመው ነው ያወሩት። ከበላይ እንግዳ ይመጣል፤ የቀበሌያችን ልጆች የተከሉት ችግኝ ሁሉ መጽደቁ ሪፖርት ተደርጓል፤ ልጆቹ ልብሳቸውን አጥበው፣ አንገታቸው ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው ችግኛቸው አጠገብ ይቆማሉ።

«የትኛው ችግኝ አጠገብ?» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

«እሱ ተዘጋጅቷል።»

እትዬ ብዙነሽ እግራቸውን ከውኃው አወጡ። «ጓድ ሽብሩ፣ ልጆቹ እኮ መድረቁን ያውቃሉ። አብረን ነው ቆፍረን ያየነው። ምን በሉ ልበላቸው?»

ጓድ ሽብሩ ወዲያው አልተቆጡም። ፊታቸውን በፍሙ ብርሃን ሳየው እሳቸውም የደከማቸው መሰለኝ፤ ምናልባትም የፈሩ። የቤቱን በር አሻግረው ዳንኤል የተኛበትን አልጋ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዳንኤል ስንት ዓመቱ ሆነ?» አሉ።

ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው በየሰፈሩ ወጣት የሚሰበስብበት ዘመን ነበር። እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጓድ ሽብሩ መልስ ሳይጠብቁ «ደህና እደሩ» ብለው ወጡ። ያን ዕለት ተረት አልተወራም።

እንግዳው የሚመጡበት ቀን ጠዋት ወንዝ ዳር ስንወርድ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነበር። ከሆነ ግቢ የተቆረጠ የጽድ ቅርንጫፍ በየጉድጓዱ ተሰክቶ፣ ዙሪያው በኖራ በተቀባ ድንጋይ ተከቧል። ያምር ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከማማሩ የተነሳ ለአፍታ ያመንኩት ይመስለኛል። እትዬ ብዙነሽ በሰልፍ አቆሙን። ዋሹም አላሉን፣ እውነቱን ተናገሩም አላሉን። የእያንዳንዳችንን አንገት ጨርቅ አስተካከሉና ከሰልፉ ጫፍ ቆሙ።

እንግዳው ካኪ የለበሱ፣ መነጽር ያደረጉ ሰው ነበሩ። በሰልፉ ፊት እየሄዱ ረሂማ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ። «ያንቺ ችግኝ የትኛው ነው?»

«የኔ ሞቷል» አለች ረሂማ።

«ሞቷል?»

«አዎ። ከነላስቲኩ ስለተከልነው ሥሩ መውጫ አጣ። ቆፍረን አይተነዋል።»

ጓድ ሽብሩ ሳቁ፤ የማይመስል ሳቅ ነበር። «ሕፃን ናት ጓድ፤ ተረት ትወዳለች።»

እንግዳው ቀና አሉ። «መምህሯ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

«ልጅቷ የምትለው ምንድን ነው?»

እትዬ ብዙነሽ እንግዳውንም ጓድ ሽብሩንም አላዩም። እኛን አዩን፤ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ በአንድ። ቁልቁለቱ ላይ ወሬ ሊያይ ከወጣው ሰው መካከል ዳንኤል ቆሞ ነበር፤ እሱን ያዩት ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም።

«ልጅቷ እውነቷን ነው» አሉ። «ላስቲኩ አይውለቅ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አላውቅም ነበር። እነዚህ ቅርንጫፎች ናቸው፤ ሥር የላቸውም። ከተከልነው የተረፈው ያ ዳር ያለው ብቻ ነው።»

እንግዳው አጎንብሰው አንዱን በሁለት ጣት ሳብ አደረጉት፤ እንደ ሻማ ወጣ። ጫፉን አዩት፤ የመጥረቢያው ምልክት እንኳ አልደረቀም። ከዚያ የሰው ገመና የሚሸፍኑ ይመስል ቀስ ብለው መልሰው ሰኩት። «እሺ» አሉ። መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ።

እትዬ ብዙነሽ ቀበሌ ተጠርተው ውለው፣ ሲመሽ መጡ። ልጆቹን የመምራት ኃላፊነት ተወሰደባቸው። ምን እንደተባሉ ለእናቴም አልነገሯትም።

ክረምቱ ሳይገባ ዳንኤል ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ሰንጋ ተራ አካባቢ በአፈሳ ተይዞ ተወሰደ። አንዳንዱ ሰው ጓድ ሽብሩ ያስያዙት ነው አለ። ሌላው ደግሞ አፈሳ ሰው አይመርጥም፣ ያን ቀን ስንቱ ተጭኗል አለ። እውነቱን ማንም አላወቀውም። እትዬ ብዙነሽ ሁለት ፈረቃቸውን ማስተማር አላቋረጡም፤ ግን መብራት ሲጠፋ በራቸው አይከፈትም። እናቴ ፍሙን አውጥታ ታስቀምጣለች፤ ፍሙ ማንም ሳይከበው አመድ ይሆናል።

ረሂማ መናገር አቆመች። እናቷ ጠበል ውሰጃት የሚሏትንም፣ ሼህ ጋ ውሰጃት የሚሏትንም እየሰማች ግራ ገባት። ነገሩን ለእትዬ ብዙነሽ የነገረቻቸው እናቴ ናት። በማግስቱ ከሥራ እንደተመለሱ፣ መቃኑንም ሳይዙ በቀጥታ ረሂማ ወደተቀመጠችበት ወደ ቧንቧው ሄዱና እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ አጠገቧ ተቀመጡ።

«ዳንኤልን እኔ ነኝ ያስወሰድኩት ብለሽ ነው አይደል?»

ረሂማ ራሷን ነቀነቀች።

«ዳንኤልን የወሰደው የጭነት መኪና ነው። አንቺ የጭነት መኪና አለሽ?»

«የለኝም» አለች ረሂማ፤ ከስንት ቀን በኋላ የተሰማ ድምፅዋ ነበር።

«እንግዲያው ተይው። እኔም የለኝም» አሉና በጋቢያቸው ጠቀለሏት። እዚያው እርጥቡ ላይ እስኪመሽ ተቀመጡ። ማን ማንን እንዳባበለ መለየት ያስቸግር ነበር።

ዝናቡ ሲመጣ ቀበሌው እንደገና ችግኝ አወረደ። ሌላ መሪ ተሹሟል፤ ጥሩንባ ይነፋል፣ ይቆጥራል። እትዬ ብዙነሽ አልተጠሩም። ግን ተከላው ተጀምሮ እኛ ጭቃ ውስጥ ስንንቦራጨቅ፣ በቁልቁለቱ ቀስ እያሉ፣ የሽንኩርት ቢላዋ ይዘው ሲወርዱ አየናቸው። ማንንም ፈቃድ አልጠየቁም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን ላስቲክ ከላይ እስከ ታች ይሰነጥቁና ችግኙን ከነአፈሩ ለልጁ ያቀብሉታል። ታምራት ወዲያው ገብቶት ጎናቸው ሆኖ ማቀባበል ጀመረ። አዲሱ መሪ መጥቶ ቢያያቸው ምንም ሳይል ተመለሰ። ተረት አላወሩልንም፤ ስለ ዳንኤልም አንድ ቃል አልተናገሩም። እጃቸው በላስቲኩ ጠርዝ ተቆራርጦ ነበር።

የዚያ ዓመት ችግኞች ብዙዎቹ ጸደቁ። ዳንኤል ግን አልተመለሰም። መንግሥት ተለውጦ ወታደሩ ሲበተን፣ እትዬ ብዙነሽ በየቀኑ አስፋልት ዳር ወጥተው ከሰሜን የሚገባውን የተጎሳቆለ ሠራዊት ፊት አንድ በአንድ ያዩ ነበር። መርዶም አልመጣም፤ እሱም አልመጣም።

ሰፈራችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሊሠራበት ሲል ልጠይቃቸው ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ዐይናቸውም ደክሟል። እኔ ያኔ ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ወጋችን ሁሉ ሲያልቅ ዓመታት በልቤ የያዝኩትን ጥያቄ አወጣሁት፤ «እትዬ፣ ያን ቀን እውነቱን በመናገርዎ ተጸጽተው ያውቃሉ?»

ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። «በየቀኑ» አሉኝ። «በየቀኑ ነው የምጸጸተው። አንዳንዴ ሌሊት ነቅቼ፣ ምን ነበረበት ዝም ብል እላለሁ።» ቀጥለውም፣ «ዝም ብልም ኖሮ እጸጸት ነበር። ደግሞ እናንተ ታዩኝ ነበራ» አሉ።

ከተረቶቻቸው አሁን የማስታውሰው ጥቂት ነው፤ መጨረሻቸው የጠፋብኝም አሉ። ስለ ዛፍም ቢሆን የማውቀው ያን ያህል አይደለም። እንደ ሳቸው ሁለት ፈረቃ አስተምሬ፣ ጠመኔ የበላው እጄን ሳልታጠብ ወንበር ላይ ስወድቅ፣ ያ ድካም ምን እንደነበረ አሁን ይገባኛል። በእንዲህ ያለ ድካም ላይ እውነት መናገር ቀርቶ መናገር ራሱ ይከብዳል። ግን አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ የማላውቀውን ነገር ሲጠይቀኝ፣ አንድ ነገር ብዬ ላልፈው አፌን ስከፍት፣ ከኋላ ያሉት ልጆች ሁሉ ቀና ይላሉ። መልሱን ሳይሆን እኔን ነው የሚያዩት።